ያረጀ አውቶሞቢል የሚሸጥበት ጊዜ

ሰው አንድ ዕቃ ለመግዛት ሲነሣ ብዙ ይጠይቃል፤ ወዳጁን ያማክራል፤ ገበያውን ይዞራል፤ ገንዘቡን ደጋግሞ ይቈጥራል። ያንኑ ዕቃ ለመሸጥ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያስብበት ቀኑ ይደርስበታል። ወይ ዕቃው ተሰብሮ፣ ወይ ገንዘብ ቸግሮት፣ ወይ አገር ለመልቀቅ ተጣድፎ ይሸጣል። በዚህ ጽሑፍ ልንነጋገርበት የፈለግነው በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ የተዘነጋ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ብዙ መንገድ የሄደ፣ ዕድሜው የገፋ አውቶሞቢል መቼ ሊሸጥ ይገባዋል የሚለው ነው። እኛ በሐርጌሳ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰብ ነን። ነገሩ በቤታችን ደርሶ አንድ ዓመት ያህል ስላነጋገረን፣ ያየነውንና የመረመርነውን ለአንባቢዎች ብናካፍል ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ የተሠራች፣ በማሮዲ ጄሕ ወንዝ አሸዋ ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። በመንገዷ ከሚተላለፉት አውቶሞቢሎች እጅግ የሚበዙት አስቀድሞ በጃፓን አገር ሌላ ሰው የነዳቸው ናቸው። ከነዚህም መካከል ትንሿ ቶዮታ ቪትስ በየማዕዘኑ ትታያለች። የነዚህ መኪኖች መሪ በቀኝ በኩል ነው፤ የከተማው ሕዝብ ደግሞ በመንገዱ ቀኝ በኩል ይነዳል። ስለዚህ ሹፌሩ በመንገዱ ዳር በኩል ተቀምጦ ይነዳል፤ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም በፈለገም ጊዜ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው «መንገዱ ነጻ ነው ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል።

እነዚህ መኪኖች ከጃፓን የሚወጡበት ምክንያት አለው። በዚያ አገር ሕግ አዲስ የቤት አውቶሞቢል ከ3 ዓመት በኋላ፣ ከዚያም ወዲህ በየ2 ዓመቱ ጠንካራ ምርመራ ይደረግበታል። ምርመራው ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ብዙ ባለ መኪኖች ቀኑ ሲቃረብ መኪናቸውን ይሸጣሉ። የተሸጠውም በሐራጅ አልፎ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ብዙ ጊዜም በዱባይ በኩል ዞሮ በርበራ ወደብ ይደርሳል። እንግዲህ በሐርጌሳ መንገድ ላይ የሚሄደው አሮጌ አውቶሞቢል ሁሉ ከዚህ በፊት አንድ ሰው «አሁን መሸጥ ይሻለኛል» ብሎ የወሰነበት ነው። የእኛም ጥያቄ ለመኪናችን አዲስ አልነበረም፤ ከእኛ በፊት የነበረው ጃፓናዊ አስቦበታል።

የእኛ አውቶሞቢል ሃይብሪድ የሚባለው ዓይነት ቶዮታ ፕሪየስ ነበር። ሃይብሪድ ማለት በቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ ሞተር ተባብሮ የሚሄድ መኪና ነው። ፕሪየስ በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በ1990 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በታኅሣሥ ወር 1997 ነው። የእኛው ሁለተኛው ትውልድ ከሚባለው ወገን ሆኖ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 የተሠራ ነው። በ2010 ዓ.ም. ስንገዛው የኪሎ ሜትር ቈጣሪው 142,000 ያሳይ ነበር፤ የጃፓን የሐራጅ ወረቀቱም ይህንኑ ይመሰክር ነበር። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት እያደረሰ፣ ሕመምተኛ እያመላለሰ፣ እስከ በርበራና እስከ ቶጎ ውጫሌ ድንበር እየተጓዘ፣ በሰባተኛው ዓመት ቈጣሪው 291,000 ደረሰ።

በዚያን ጊዜ በቤታችን ሦስት ሐሳብ ተነሣ። አባወራው «መኪናው እስካልቆመ ድረስ ለምን እንሸጠዋለን? ጠባዩን እናውቀዋለን፤ የሚመጣውን ግን አናውቀውም» አለ። ይህ አነጋገር ለጊዜው ሚዛን የሚደፋ ነው። እመቤቲቱ ግን የመኪናውን ወጪ ከገዛንበት ቀን ጀምራ የጻፈችበትን ደብተር አምጥታ፣ «ፍቅርን ተወውና ቍጥሩን ተመልከት፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ መለሰች። ታላቂቱ ልጃችን ደግሞ በሚመጣው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ ትዘጋጅ ስለ ነበር፣ «ለእኔ የሚያስፈልገው ገንዘብ የሚገኘው ከዚህ መኪና ከሆነ፣ ሳይሰበር ብትሸጡት አይሻልም ወይ?» ስትል ጠየቀች።

ደብተሩ ምን ያሳይ ነበር? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ወጪያችን የሞተር ዘይት፣ የማጣሪያና የጎማ ብቻ ነበር። ፍሬኑ እንኳ ብዙ ጊዜ አልተቀየረም፤ ምክንያቱም ሃይብሪድ መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ የኤሌክትሪክ ሞተሩ መንኰራኵሩን እየያዘ ጕልበቱን ወደ ባትሪው ስለሚመልሰው፣ ፍሬኑ የሚሠራው ጥቂት ሥራ ነው። ነገር ግን በስድስተኛው ዓመት ብቻ ያወጣነው ገንዘብ የሦስቱን የመጀመሪያ ዓመታት ድምር አከለ። የቤንዚኑም ነገር እንዲሁ ነው። ቀድሞ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ይበቃው የነበረ፣ ከ6 ሊትር በላይ መጠጣት ጀመረ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። ያለፈው ወጪ ምንም ያህል ብዙ ቢሆን ለውሳኔ መካሪ አይሆንም። «ባለፈው ወር ይህን ያህል አውጥተን አሳድሰነው ዛሬ እንዴት እንሸጠዋለን?» የሚል ሰው፣ የወጣውን ገንዘብ ለማስመለስ ሌላ ገንዘብ ይከተልበታል። መጠየቅ የሚገባው ስለሚመጣው ዓመት ነው። መኪናው በሚመጣው 12 ወር ከዋጋው ምን ያህል ይጐድላል? ጥገናው ምን ያህል ይፈልጋል? ቢቆምብን ሥራችንና የልጆቻችን ትምህርት ምን ይሆናል? እነዚህ ሦስቱ ተደምረው፣ በሌላ መኪና ወይም በታክሲ ለመሄድ ከሚያስፈልገው ወጪ ጋር ይመዘናሉ። ከበለጡ የመሸጫው ጊዜ ቀርቧል።

በተራ መኪና ይህ ሒሳብ በቀስታ ይለወጣል። በሃይብሪድ ግን ሳይጠሩት የሚመጣ አንድ ባለ ዕዳ አለ፤ እርሱም ታላቁ ባትሪ ነው። የሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ ከኋላ ወንበር በስተጀርባ የተቀመጠ፣ ከኒኬልና ከሌሎች ማዕድናት የተሠራ ነው። 28 ክፍሎች አንዱ ከሌላው ተያይዘው ይገኙበታል፤ እያንዳንዱ ክፍል 7.2 ቮልት ስለሚሰጥ ድምሩ 201.6 ቮልት ይሆናል። ክፍሎቹ በአንድ ገመድ እንደ ታሰሩ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ቢደክም ሸክሙ በሌሎቹ ላይ ይወድቃል። ደካማውን ብቻ አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል፤ ነገር ግን የቀሩት 27ቱ በዕድሜ እኩያዎቹ ስለ ሆኑ ዛሬ አንዱ ቢታከም ነገ ሌላው ይታመማል። ብልኅ መካኒክ ይህን አስቀድሞ ይነግራል። በብርቱካን ቀለም የተሸፈኑትን ወፋፍራም ሽቦዎች ደግሞ ያልተማረ ሰው ፈጽሞ ሊነካቸው አይገባም፤ ኀይላቸው ሰው ይገድላል።

የዚህ ባትሪ ዋና ጠላቶች ሙቀትና አቧራ ናቸው፤ ሁለቱም በዚህ አገር ሞልተዋል። በርበራ በበጋው ወራት፣ ሶማሌዎቹ ሐጋ በሚሉት ጊዜ፣ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ፣ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ነፋሻ ወደ ሆነው ከፍተኛ አገር ይሸሻሉ። ባትሪው ግን መሸሻ የለውም። የሚቀዘቅዘው ከኋላ ወንበር አጠገብ ባለች ቀዳዳ አየር በሚስብ ማራገቢያ ነው። ያቺን ቀዳዳ አቧራ ሲደፍናት፣ ወይም አንድ ሰው ሳያውቅ ሻንጣና ነጠላ ሲያኖርባት ባትሪው እንደ ታፈነ ሰው ይሆናል። በቤታችን ልጆቹ ቀዳዳዋን «የመኪናው አፍንጫ» ብለው ይጠሯት ስለ ነበር ማንም ዕቃ አያስጠጋባትም፤ በየሦስት ወሩም እንጠርጋት ነበር። ባትሪያችን ያን ያህል ዓመት የቆየው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

አምራቹም ቢሆን ለባትሪው ዘላለማዊነትን አልሰጠውም። ቶዮታ በአሜሪካ በሚሸጣቸው ሃይብሪዶች ላይ ለባትሪው የሰጠው ዋስትና ቀድሞ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነበር፤ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ሆነ። የኋለኛው ወደ ኪሎ ሜትር ሲመነዘር 241,000 ገደማ ነው። ባትሪው ከዚያ አልፎ ሊሠራ ይችላል፤ ብዙዎቹም ይሠራሉ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ወር ስጦታ እንጂ መብት አይደለም።

ባለፈው ዓመት ከሐጋ በኋላ መኪናውን ለምርመራ ወሰድነው። በመኪናው ውስጥ ምንም የማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም። ነገር ግን የባትሪው ምልክት በፍጥነት ሞልቶ በፍጥነት ይጐድል፣ ማራገቢያውም ከወትሮው ይበልጥ ይጮኽ ጀምሮ ነበር። መካኒኩ የመመርመሪያ መሣሪያውን ሰክቶ ንባቡን አሳየን። የመኪናው ኮምፒውተር 28ቱን ክፍሎች ሁለት ሁለት አድርጎ በ14 ጥንድ ይቈጣጠራቸዋል። ከ14ቱም አንዱ ጥንድ፣ ዳገት በወጣን ቍጥር ከሌሎቹ ዝቅ ይል ነበር። «ባትሪው አልሞተም፤ ነገር ግን መሞት ጀምሯል። አንድ ዓመትም፣ ሦስት ወርም ሊሆን ይችላል» አለን።

ወሬው ለደላላ ደረሰ። ደላላው ጨዋ፣ ጣፋጭ አንደበት ያለው ሰው ነው። መኪናውን ዞሮ ካየ በኋላ እንዲህ አለን፦ «ወንድሞቼ፣ ይህን የመሣሪያ ንባብ ለማንም አትንገሩ። መብራት እስካልበራ ድረስ መኪናው ደኅና ነው። ገዢ የሚያየው ቀለሙንና ቈጣሪውን ነው፤ ዛሬውኑ በጥሩ ዋጋ አሸጥላችኋለሁ።» የጠቀሰው ዋጋ እኛ ካሰብነው በሦስት ወር የቤት ኪራይ ያህል ይበልጥ ነበር። በቤታችን ማንም ለጊዜው አልተናገረም፤ የልጃችን የትምህርት ወጪ በሁላችንም ፊት ነበረና።

እዚህ ላይ በሐርጌሳ የከብት ገበያ ያየነውን መጥቀስ ይገባል። በዚያ ገበያ ሻጭና ደላላ ዋጋ የሚነጋገሩት በአፍ አይደለም፤ እጃቸውን በጨርቅ ሥር ተያይዘው፣ ጣት በመጨበጥ ቍጥሩን ይለዋወጣሉ። ዋጋው ከአላፊ አግዳሚው ዐይን ይሰወራል። ግመሉ ግን በሁሉ ፊት ቆሟል፤ የፈለገ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ያውቃል። ዋጋ ቢሰወር ነውር የለበትም፤ የከብቱን ሕመም መሰወር ግን ነውር ነው። ደላላው የመከረን ነገር የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ዋጋው ግልጽ፣ ሕመሙ ስውር።

ሕግም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ በሸጠው ዕቃ ላይ ለሚገኘው ጉድለት ኀላፊ የሚሆንበትን ሁኔታ ይደነግጋል። የሐርጌሳ ሕዝብ በሚከተለው በእስልምና ሕግም፣ ጉድለቱ የተሰወረበት ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው፤ ይህም በዐረብኛ «ኺያር አል ዐይብ» ይባላል። ሁለቱ ሕጎች በልዩ ልዩ ቋንቋና በልዩ ልዩ ዘመን ቢጻፉም፣ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ሻጭ ያወቀውን ነውር ገዢ ሊያውቀው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እመቤቲቱ አንድ ቃል ተናገረች፤ ለአንባቢዎችም ልናስተላልፈው የምንወደው ይኸንኑ ነው። «መኪና መሸጥ ያለበት እውነቱን ሁሉ ተናግረን፣ ደስ ብሎት የሚገዛ ሰው እስካለ ድረስ ነው። ያ ቀን ካለፈ በኋላ የሚሸጠው በዝምታ ብቻ ነው» አለች። ለመኪና ሽያጭ ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘንም። ቈጣሪው ስንት ደረሰ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በሚገባ የተያዘ 300,000 የሄደ መኪና፣ ችላ ከተባለ 150,000 የሄደ ይሻላልና። ዕድሜውም ብቻውን አይበቃም። ነገር ግን «ያለበት ይህና ይህ ነው፤ ዋጋውም ስለዚህ ይህን ያህል ነው» ብሎ መናገር እስከ ተቻለ ድረስ መኪናው ገና ዋጋ ያለው ንብረት ነው። እውነቱን ለመናገር ያፈርን እንደ ሆነ ግን፣ ጊዜው አልፏል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ወይ ማደስ፣ ወይ ለመለዋወጫ መሸጥ ነው።

ለእኛ ሌላም ምክንያት ነበረን። በዚህ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አንድ ቀን ወደ አገራችን መመለሳችን አይቀርም፤ መኪናው ግን ሊከተለን አይችልም። መሪው በቀኝ ነው፤ የአገራችን ግን በግራ ነው። ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ መኪናውን እስከ ጉዞው ዋዜማ ማቆየት፣ ሻንጣ በአንድ እጅ፣ ቁልፍ በአንድ እጅ ይዞ ገዢ መለመን ይሆናል። የቸኮለ ሻጭ ዋጋ አይተምንም፤ የሰጡትን ይቀበላል።

ባትሪውን አድሰን ብንሸጠውስ ብለንም አስበን ነበር። ነገር ግን አዲስ ባትሪ የገባበት አሮጌ መኪና ዋጋው በባትሪው ልክ አይጨምርም፤ ገዢው አሁንም የሚያየው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት መኪና ነው። በሌላ በኩል ርካሹን፣ ከአሮጌ ክፍሎች የተሰበሰበውን ባትሪ ብናስገባ፣ ሕመሙን ወደ ገዢው ቤት ማዛወር ነው። ስለዚህ ባትሪውን እንዳለ ትተን፣ የባትሪውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ለመቀነስ ተስማማን።

ገዢ የሆነው የጎረቤታችን ልጅ ነው። እናቱ ካላት ወርቅ ከፊሉን ሸጣ፣ ውጭ አገር ያለው ወንድሙም ጥቂት ልኮለት፣ ታክሲ ገዝቶ ቤቱን ለመርዳት ይፈልግ ነበር። በሶማሌዎቹ ልማድ አባወራውን «አዴር»፣ ማለት አጎቴ፣ እመቤቲቱንም «ኤዶ»፣ ማለት አክስቴ፣ እያለ የሚጠራ ትሑት ወጣት ነው። ደብተሩን በፊቱ ዘረጋን። መካኒኩም በእርሱ ፊት መሣሪያውን ሰክቶ ደካማውን ጥንድ አሳየው። ወጣቱ ብዙ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «አዴር፣ ይህን ሁሉ ለምን ትነግሩኛላችሁ? ብትተዉት አላውቅም ነበር» አለ። አባወራውም «የእናትህ ወርቅ ስላለበት ነው» ብሎ መለሰለት። ዋጋው ያን ዕለት ተቈረጠ፤ ገንዘቡም በዚህ አገር ልማድ «ዛድ» በሚባለው፣ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በተጀመረው የስልክ መክፈያ ተላከልን። ደብተሩን ከቁልፉ ጋር አስረከብነው።

ባትሪው በስድስተኛው ወር ደከመ። ወጣቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለዚያ ቀን ከየዕለት ገቢው እየቀነሰ ያስቀምጥ ስለ ነበር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሌላ ተክቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ተሰውሮበት ቢሆን ኖሮ ያ ሳምንት ምናልባት የታክሲው ሥራ መጨረሻ ይሆን ነበር። እኛም በጎረቤቶቻችን ደጃፍ ለማለፍ የምናቀረቅር እንሆን ነበር። ከደላላው ዋጋ ያጐደልነው የሦስት ወር ኪራይ የዚህ ሰላም ዋጋ ነው ብንል አልተወደደብንም። የልጃችንም ወጪ በጥቂት ቍጠባ ተሟላ።

እንግዲህ አሮጌ አውቶሞቢል ያላችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወጪውን በደብተር ጻፉ፤ የቤንዚኑን ፍጆታ በየወሩ መዝኑ። ሃይብሪድ ከሆነ የባትሪውን አየር መሳቢያ ጠብቁ፤ ከሞቃቱ ወራት በኋላም አስመርምሩት። ያለፈውን ወጪ ትታችሁ የሚመጣውን ዓመት አስሉ። በመጨረሻም በየጊዜው ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ «ዛሬ ገዢ ቢመጣ የማውቀውን ሁሉ ልነግረው እችላለሁን? ነግሬውስ ይገዛኛልን?» ለሁለቱም መልሱ «አዎን» ከሆነና ሒሳቡም መሸጥን ከመከረ አትዘግዩ። መኪናው ለሌላ ቤተ ሰብ እንጀራ ሊሆን የሚችለው፣ ከነደብተሩና ከነእውነቱ በጊዜ ሲተላለፍ ነው።